ለፍላፊ፣ ቀባጣሪ፣ ዘባራቂ፦ የትኛው ለማን?

ደብረ ብርሃን ላይ ለመምህራን፣ ለዕድር ጸሐፊዎችና በሽምግልና ለሚቀመጡ ሰዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ። ይህን ብርድ ችላችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልን። ወሬ ስለሚያበዛ ሰው ሊናገር የቆመ ሰው መግቢያ ማርዘም አያምርበትም፤ ስለዚህ ወደ ነገሩ።

አንድ የዕድር አባል ስለ ጎረቤቱ «ይለፈልፋል» ቢል፣ ሌላው ደግሞ «ይቀባጥራል» ቢል፣ ለሰሚው ሁለቱም አንድ ነገር ያሉ ይመስለዋል። የመሠረቱት ክስ ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ሰውየው ከሚገባው በላይ ተናገረ አለ፤ የተናገረው እውነት ይሁን ሐሰት አልፈረደም። ሁለተኛው የተነገረው ነገር ረብ የለውም ወይም ያለ ቦታው ገባ አለ። «ይዘባርቃል» የሚል ሦስተኛ ሰው ቢመጣ ደግሞ ነገሩስ ነበረው፣ ቅደም ተከተሉ ጠፋበት ማለቱ ነው። አማርኛ ወሬ ለሚያበዛ ሰው አንድ ስም ብቻ አልሰጠውም፤ ምኑ ላይ እንዳጠፋ ለይቶ ነው የሚጠራው። ቡና ላይ ብናምታታው የሚጎዳ የለም። ሽማግሌ ፊት፣ ምስክር ሲሰማ፣ ቃለ ጉባኤ ሲያዝ ሲምታታ ግን የሰው ቃል ያለ አግባብ ይጣላል።

ከግሡ ቅርጽ እንነሳ። ለፈለፈ «ለፍ» ሁለት ጊዜ ነው። ነዘነዘ፣ ጨቀጨቀ፣ ዘበዘበ የተሠሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ከንግግር ውጭም ነቀነቀ፣ ጠቀጠቀ፣ ከተከተ አሉ። ሁሉም አንድ ድርጊት ሳያቋርጥ ሲደጋገም የሚባሉ ናቸው። ዛፍ የነቀነቀ ሰው አንዴ ገፍቶ አልተወም፤ የለፈለፈም አንዴ ተናግሮ አላበቃም። ቃሉ የሚቆጥረው ድግግሞሹን ነው እንጂ የተባለውን ነገር አይመዝንም።

ዘባረቀ፣ ቀባጠረ፣ ዘላበደ፣ ቀባዠረ ከዚህ ይለያሉ። አራቱም ሁለተኛ ፊደላቸው ራብዕ ነው፦ ባ፣ ባ፣ ላ፣ ባ። በዚህ ቅርጽ ከሚሄዱት ግሦች መካከል ደባለቀ፣ ቀላቀለ፣ በታተነ፣ ሰባበረ ይገኛሉ። መደባለቅና መበተን የበዛበት ወገን ነው። ደጋገመና መላለሰም እዚያው ስላሉ ቅርጹ ሁልጊዜ ጥፋት ይዞ ይመጣል አይባልም፤ ዝንባሌው ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ልዩነቱን ለመፈተን ቀላሉ ዘዴ ለግሡ ተሳቢ መስጠት ነው። «ምሥጢሩን ለፈለፈው» ይባላል። የሌለ ነገር ምሥጢር አይሆንምና፣ ለፈለፈ እውነትንም ይሸከማል ማለት ነው። «ምሥጢሩን ቀባጠረው» ብትሉ ግን ጆሮ ይቆረቁራል። «ግጥሙን ዘባረቀው» ይባላል፤ ግጥሙ አለ፣ ስንኞቹ ግን ተገለባብጠዋል። ቀባጠረ የሚወደው ተሳቢ «ምን» ነው፦ «ምን ይቀባጥራል?» መልስ የማይጠብቅ ጥያቄ ነው፤ የተነገረው ነገር ስም እንኳ አይገባውም እንደማለት። «ምን አስቀባጠረኝ!» ብሎ ራሱን የሚወቅስ ሰው ደግሞ ዋሸሁ አላለም፤ ሳልጠየቅ ገባሁ ነው ያለው።

አስለፈለፈን ከዚህ ጋር አስተያዩት። ጠላ አስለፈለፈው፣ ፍርሃት አስለፈለፈው፣ መርማሪ አስለፈለፈው እንላለን። በሦስቱም የወጣው ነገር ተደብቆ የነበረ ነው። በዚህ የተነሳ «እሱማ ለፍላፊ ነው፣ ምን ያመጣል» ብሎ ምስክርን መጣል ስሕተት ነው። ለፍላፊ ምስክር ከዝምተኛ ምስክር ያነሰ እውነት የለውም፤ ችግሩ ከገለባው መለየቱ ላይ ነው።

አጻጻፉ አያስቸግርም፤ ንባቡ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይምና። «ለፈለፈ» እና «ይለፈልፋል» ሲባል ሁለተኛው የ«ለ» ዘር ይጠብቃል። «መለፍለፍ»፣ «ለፍልፎ»፣ «አትለፍልፍ» ሲባል ይላላል። ቀባጠረም ይህንኑ ይከተላል፦ «ይቀባጥራል» ላይ ጥ ይጠብቃል፣ «መቀባጠር» እና «አትቀባጥር» ላይ ይላላል። ከሌላ ቋንቋ መጥቶ አማርኛ የሚማር ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ሁሉንም አላልቶ ያነበዋል። ስሙ ልፍለፋ ነው።

ለፍላፊና ለፍላፋ አንድ አይደሉም። ለፍላፊ አድራጊው ነው፤ ለፍላፋ ጠባዩን ይነግራል። ነዝናዥና ነዝናዛ፣ ጨቅጫቂና ጨቅጫቃ እንደሚለያዩት ማለት ነው። በአነጋገር ሁለቱ ሲተካኩ ይሰማል፤ በጽሑፍ ግን ልዩነቱን መጠበቅ ይሻላል ባይ ነን። ዛሬ ተናድዶ ሲለፈልፍ የዋለን ሰው «ለፍላፋ» ብሎ መጻፍ የአንድ ቀን ሥራውን የዕድሜ ልክ ጠባይ ማድረግ ነው። አንዳንዴ ለፈፈም ከለፈለፈ ጋር ይምታታል። ለፈፈ ለሕዝብ እንዲሰማ ብሎ አሰማ ማለት ነው፤ ገበያ ላይ ድምፅ ማጉያ ይዞ ዕቃ የሚያስተዋውቀው ሰው ይለፍፋል። ለፋፊ አድማጭ ፈልጎ ነው የሚናገረው፤ ለፍላፊ አድማጭ ቢሄድበትም አያቆምም።

መዝገበ ቃላት ለምትመሩ መምህራን አንድ ነገር ልጨምር። በ1962 ዓ.ም. የወጣው የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት የሚሄደው በሀሁ ሳይሆን በአበገደ ተራ ነው። ሀሁ የለመደ ተማሪ ለን ከሀ ቀጥሎ ፈልጎ ሲያጣው መጽሐፉን ዘግቶ ይሄዳል። በአበገደ ለ የሚገኘው ከከ በኋላ፣ ከመ በፊት ነው፤ ማለትም መሀል ላይ። የሚፈለገውም «ለፍላፊ» ተብሎ ሳይሆን በግሡ፣ በለፈለፈ ነው።

ቃሉ በቅዱስ መጽሐፍ ትርጉም ውስጥ የገባበት መንገድ በራሱ ትምህርት አለው። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የሐዋርያት ሥራ 17፥18 ላይ፣ የአቴና ፈላስፎች ጳውሎስን «ለፍላፊ» ይሉታል። በግሪኩ ያለው ቃል ስፔርሞሎጎስ ነው፤ ዘር ለቃሚ ማለት ነው። መሬት የወደቀ ዘር እየለቀመች ለምትበላ ወፍ የሚነገር ሆኖ፣ ኋላ ከዚህም ከዚያም የሰው ሐሳብ ለቃቅሞ የራሱ አስመስሎ ለሚናገር ሰው ተሰጠ። ፈላስፎቹ ጳውሎስን የሰደቡት በወሬ ብዛት አልነበረም፤ ዕውቀትህ የቃረምከው ነው ነው ያሉት። ወደ ጢሞቴዎስ በተላከው የመጀመሪያ መልእክት 5፥13 ላይ ያለው «ለፍላፊዎች» ግን ሌላ የግሪክ ቃል ነው፤ ፍሊዋሮስ የሚባለው፣ ባዶ ወሬ የሚያወራ ማለት። ሁለቱ የግሪክ ቃላት በአማርኛው አንድ ሆኑ። ተርጓሚዎቹን ለመውቀስ አይደለም፤ ለዘር ለቃሚው በአንድ ቃል የሚመጥን አማርኛ ማግኘት ቀላል አይደለም። ሁለተኛው ጥቅስ ላይ ግን ልብ በሉ፦ ከ«ለፍላፊዎች» ጎን «በነገር ገቢዎች» የሚል ተቀምጧል። ብዙ የሚያወራና በሰው ጉዳይ የሚገባ ሁለት ሰው ነው፤ እኛ በተለምዶ አንድ እናደርጋቸዋለን።

ከተረትና ምሳሌው «በለፈለፉ አፍ ይጠፉ» የሚለውን የማያውቅ የለም። ሰዋስዉን ግን ብዙ ሰው አስተውሎት አያውቅም። «በለፈለፉ» የሚለው «ስለለፈለፉ» ማለት ብቻ አይደለም። «የለፈለፉበት አፍ» ላይ በ ሲገባ የ ትወድቃለች፤ «በመጣው ሰው» እንደምንለው። እናም ተረቱ፦ በዚያው በለፈለፉበት አፍ ይጠፉ፤ ጠላት ከውጭ አያስፈልግም። ብዙ ቁጥሩም እገሌና እገሌ ማለት አይደለም፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ላይ እንዳለው ማንንም ሰው የሚመለከት አነጋገር ነው። «ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም» የሚለው ደግሞ የተሻለ ያስተዋለ ይመስለናል፤ ለፍላፊ ሆን ብሎ አይደለም፣ አይታወቀውም የሚል ነውና። ሽማግሌ ሊይዘው የሚገባው ይኼኛውን ነው።

ብዙ መናገር በራሱ ነውር እንዳልሆነ የሚያሳዩ ቃላትም ሞልተዋል። ተጫዋች፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ወግ አዋቂ፣ አንደበተ ርቱዕ። «ወገኛ» ወደ ሽሙጥ ያደላል። በ«አፈ» የሚጀምሩትን ብትወስዱ አፈ ጮሌና አፈ ቅቤ ስለ ንግግሩ ዓይነት እንጂ ስለ ብዛቱ አይናገሩም፤ አፈ ቅቤው «ልበ ጩቤ» የሚል ጅራት አለው። በሌላ በኩል የንጉሡ ዋና ዳኛ የሚጠራው «አፈ ንጉሥ» ተብሎ ነበር፤ ምክር ቤትም ዛሬ አፈ ጉባኤ አለው። በላ ልበልሃ እየተባባለ በችሎት ሲሟገት የኖረ ሕዝብ ንግግርን ሊንቅ አይችልም። የናቀው ቦታ፣ ልክና መልክ ያጣውን ነው።

ወሬ መሰለቅ የሚለው አነጋገር ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያሻውም። መሰለቅ የደቀቀውን እንደገና ወፍጮ ላይ አውጥቶ ማላም ነው። ወሬ የሚሰልቁ ሰዎች አዲስ ነገር አላመጡም፤ ያንኑ ያደርናበትን መልሰው እያለሰለሱት ነው። እርስ በርስ ደስ ብሏቸው እስከሆነ ድረስ ለፍላፊ አይባሉም። ልፍለፋ አንድ ተናጋሪና አንድ የተሰላቸ ሰሚ ይፈልጋል። አረቄ የጠጣ ሰው ሲዘላብድ ግን ሰሚ መኖሩንም አያይም፤ ዘላበደ ከአእምሮ መደንዘዝ ጋር የሚሄድ ቃል ነው። ጠዋት «ማታ ምን ስል ነበር?» የሚያሰኘው እሱ ነው።

ቃሉ ያለ አግባብ የሚወርድባቸው ሰዎች አሉ፤ ሁለቱን ላንሳ። አንደኛዎቹ ሴቶች ናቸው። «ሴት ለፍላፊ ናት» የሚለውን የለካ ጥናት በ2007 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጥቶ ነበር። አሜሪካና ሜክሲኮ ያሉ 396 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በቀን ውስጥ የሚናገሩት በየጊዜው እየተቀዳ ተቆጠረ። ሴቶቹ በአማካይ 16,215 ቃል፣ ወንዶቹ 15,669 ቃል በቀን ተናገሩ። ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ ሆኖ አልተገኘም። ተማሪ መንዝ ካለ ገበሬ ጋር አንድ አይደለም የሚል ቢኖር ልክ ነው፤ ግን የተለካ ነገር ካለመለካት ይሻላል።

ሁለተኛዎቹ ሕመምተኞች ናቸው። እዚህ ላይ የቃል ስሕተት ሕይወት ያስከፍላል። በሸዋ ሮቢትና በቀወት ቆላ ትኩሳት የያዘው ሰው መቀባዠር ከጀመረ፣ ሰው የማይለይ ከሆነ፣ ወባው ወደ አንጎል መድረሱን ሊያመለክት ይችላል፤ «ትኩሳቱ ነው የሚያስቀባጥረው፣ ይተኛ» ብሎ ማሳደር አይገባም፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና ነው። ጤነኛ ሆኖ የዋለ ሰው ድንገት ቃላቱ ቢዘባረቁበት፣ አቀላጥፎ እየተናገረ ትርጉም ቢታጣበት፣ የሚባለውንም ባይረዳ፣ ስትሮክ ሊሆን ይችላል፤ አንጎል ውስጥ ንግግርን የሚረዳው ክፍል፣ በአብዛኛው ሰው በግራ ጆሮ በላይ በኩል ያለው፣ ደም ሲቋረጥበት የሚመጣ ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ በመሆኑ፣ የጀመረበትን ሰዓት መያዝ ያስፈልጋል። ሌላው ደግሞ፣ ዝምተኛ የነበረ ሰው ሳምንት ያህል ሳይተኛ ሳይደክመው፣ ሐሳቡ እየዘለለ፣ ገንዘብ እየበተነ ያለ ማቋረጥ ቢናገር፣ ይህም የአእምሮ ሕመም ምልክት ነው። ሽማግሌ ሳይሆን ሐኪም ነው የሚፈልገው።

አሁን ወደ ሽምግልናው እንምጣ፤ ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበታለን። ስሙን በትክክል የሰጠ ሰው መድኃኒቱንም ያገኛል።

ለፍላፊ የሚደጋግመው የተሰማ ስላልመሰለው ነው። «ያሳጥሩት» ካላችሁት ያስረዝመዋል፤ «ካሳጠርኩትማ አይገባችሁም» ብሎ ከመጀመሪያው ይነሳል። የሚሠራው ነገሩን መልሶ መንገር ነው፦ «ጋሼ፣ ንግግርዎን በማር ላቋርጠውና፣ እስካሁን ያሉንን ልድገመው። አንደኛ፣ ወሰኑ ተገፍቷል። ሁለተኛ፣ በጎቹ ገብስ ውስጥ ገብተዋል። ጨመርኩ፣ ቀነስኩ?» ሰውየው «ልክ ነው» ካለ በኋላ ያንኑ ቢደግም «እሱ ተይዟል፣ ሦስተኛው ምንድን ነው?» ማለት ይበቃል። ይህን የሚያደርገው አንድ ሽማግሌ ብቻ መሆን አለበት። ሁለት ሦስት ሆነው ካቋረጡት ሰውየው ተናጋሪነቱን ትቶ ተከራካሪ ይሆናል፤ ነገሩም ከባላጋራው ወደ ሽማግሌዎቹ ይዞራል።

ዘባራቂን መልሶ መንገር አያድነውም፤ የምትመልሱለት ራሱ የተዘበራረቀውን ነውና። እሱ የሚፈልገው የጊዜ ችካል ነው። «መቼ?» ብቻ ከማለት «ከመስቀል በፊት ነው በኋላ? ጥምቀት ሲደርስ ጤፉ ተወቅቶ ነበር?» ብሎ መጠየቅ። በሁለት የታወቁ በዓላት መካከል የገባ ነገር ከዚያ ወዲያ አይንሸራተትም። ቀባጣሪን ደግሞ የሚይዘው አንድ ጥያቄ ነው፦ «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ሰማሁ ካለ «ከማን?» ይከተላል። እዚያ ላይ ወይ ስም ይጠራል፣ ወይ ዝም ይላል፤ ሁለቱም ይጠቅማል። ነዝናዛ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ የሚፈልገው ነገር አለ፣ ግን አፍ አውጥቶ አይለውም። «ምን ይደረግልህ?» የሚለውን ቶሎ መጠየቅ ነው። ብዙ ሽማግሌ የሚሳሳተው ነዝናዛን እንደ ለፍላፊ ቆጥሮ የተናገረውን ሲደግምለት ነው፤ ብሶቱ ይታደስበታል።

ለዕድር ጸሐፊዎች። ቃለ ጉባኤ ላይ «አቶ እገሌ ለፈለፉ»፣ «ብዙ ተናገሩ» ተብሎ አይጻፍም፤ ፍርድ ነው። የሆነው ይጻፍ፦ «ከአጀንዳው ውጭ የድንኳን ኪራይ ጉዳይ አንስተዋል፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተይዟል።» ንግግሩ የተደጋገመ እንደሆነ «ቀደም ሲል ያነሱትን በድጋሚ አንስተዋል» ይበቃል። የጊዜ ገደብ ማውጣት የምትፈልጉም ስሌቱን አስቀድማችሁ ሥሩ፤ 40 አባል እያንዳንዱ 3 ደቂቃ ቢናገር 2 ሰዓት ነው። ገደቡ ስብሰባው ሲከፈት ለሁሉም መነገር አለበት። አንድ ሰው ንግግሩ መሀል ላይ ሲደርስ የወጣ ገደብ ለእሱ የወጣ ነው የሚመስለው፤ አብዛኛውን ጊዜም ነው።

ከንግግሩ በኋላ ስለ አዳዲሶቹ ቃላት ጥያቄ ቀርቦ ነበር። ደሰኮረ የመጣው ከፈረንሳይኛው ዲስኩር ነው። ዲስኩር በክብር ንግግር ማለት ሆኖ ገባ፤ ከእሱ ግሥ ሲወጣ ግን ክብሩ ቀረ፤ ደስኳሪ ዛሬ መድረክ ላይ ወጥቶ ሰው የሚያሰለች ነው። ቦተለከም ከፖለቲካ ተወስዶ በአራት ፊደል ግሥ ልክ የተቀረጸ ነው፦ ይቦተልካል፣ ቦትላኪ። ሁለቱም እንደ ለፈለፈ ይረባሉ፤ ባዕድ ቃል እንዲህ ከረባ በኋላ ባዕድ አይባልም። የከተማ ልጆች የሚሉት «ቀደደ» ግን ገና አልረጋም። አንዳንዴ ብዙ አወራ፣ አንዳንዴ አጋነነ፣ አንዳንዴ ጭራሽ ዋሸ ማለት ነው። አንድ መምህር፣ ተማሪ በድርሰቱ ውስጥ ቢጽፈው ይታረም ወይ ብለው ጠይቀዋል። በገጸ ባሕርያት ምልልስ ውስጥ ከሆነ ይተው፣ ሰው እንዲያ ነው የሚናገረው። በተማሪው በራሱ ትረካ ውስጥ ከሆነ ግን ከሦስቱ የትኛውን ለማለት እንደፈለገ ጠይቀውት እሱኑ ያስጽፉት።